የብረት ውፍረት የሰው ጋሻ አይደለም

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚመካበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም የብረቱ ውፍረት ነው። «የዛሬው መኪና ቆርቆሮ ነው፤ የዱሮው ግን ግንብ ነው» ሲባል በየጋራዡ ይሰማል። በቀላል ግጭት የአዲሱ ፊት ተጨማዶ የአሮጌው ፓራውልት ከጭረት በቀር ጉዳት ሳይታይበት ስለሚቀር፣ አባባሉ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከከባድ ግጭት በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው በውስጡ የነበረው ሰው ምን እንደ ደረሰበት ነው።

በፍጥነት የሚጓዝ መኪና በድንገት ሲቆም ይዞት የመጣው ኃይል መሄጃ ይፈልጋል። የመኪናው ፊት ቀስ በቀስ ከታጠፈ ኃይሉ በብረቱ ላይ ያልቃል፤ አልታጠፍም ካለ ግን በተሳፋሪው ደረትና ራስ ላይ ያርፋል። ይህን የተረዳው የመርሰዲስ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ ፊትና ኋላው የሚጨማደድ፣ የሰው መቀመጫው ክፍል ግን ጽኑ የሆነ መኪና ነደፈ፤ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ1959 በገበያ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራው በትከሻና በወገብ የሚታሰር ቀበቶ በመኪና ላይ ተገጠመ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም አንድ የ1959 እና አንድ የ2009 ሸቭሮሌት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ለፊት አጋጨ። የአሮጌው የሾፌር ክፍል ፈርሶ መሪው ወደ አሻንጉሊቱ ሾፌር ተገፋ፤ በውስጡ ሰው ቢኖር ኖሮ በሞተ ነበር። በአዲሱ ውስጥ የተቀመጠው ግን ከእግር ጉዳት ባላለፈ ነበር። የሁለቱ ክብደት ተቀራራቢ ስለነበረ ልዩነቱን ያመጣው አሠራራቸው ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባን በታክሲነት ሲያገለግል የኖረው ላዳ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው ፊያት 124 ነው። በአሮጌው ቮልስ የቤንዚን ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር ነው። በሚኒባስ ደግሞ ሾፌሩና አጠገቡ ያሉት የተቀመጡት በፊት ጎማዎች ላይ በመሆኑ ከፊታቸው የሚታጠፍ ብረት ጥቂት ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት በካርቱም፣ በጀብራ ሠፈር የነበሩ ወገኖቻችንም አምጃድ የምትባለውን አፍንጫ አልባ ትንሽ መኪና ያውቋታል።

አዲስ መኪና መግዛት ለብዙው ሰው የማይቻል መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ባለው መኪና ላይ መደረግ የሚገባው ሁሉ ሊደረግ ይገባል። ቀበቶ የሌለው መኪና ጽኑ ማሰሪያ ተበጅቶለት ቀበቶ ይግባለት፤ ያለውም ይታሰር። ዝገት የበላው ሻንሲ በባትላሜራ ልባስና በቀለም አይሸፈን። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ መሆኑ አይዘንጋ። በካሚዮን ጭነት ላይ የሚሳፈር ወታደርም ሆነ ገበያተኛ ምንም መከላከያ እንደሌለው አውቆ ሾፌሩ በዝግታ ይንዳ።

የተጣመመ ብረት በመዶሻ ይቀናል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። በአሮጌ መኪና የሚጓዝ ሁሉ በብረቱ መመካቱን ትቶ ቀበቶውን ይሰር፤ ፍጥነቱንም ይቀንስ።