ከተሸመደደ ውዳሴ ወደ ተመረመረ ማንነት፦ የሐይቅና የአምባሰል ተማሪዎች በግጥምና በወግ

ስለ ወሎ ድርሰት እንዲጽፉ የታዘዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያቀርቡት መልስ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ወሎ የፍቅር አገር ነው፤ የመቻቻል ተምሳሌት ነው፤ የቅኝቶች መፍለቂያ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ሐሰት አይደሉም። ከዋነኞቹ አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በዚሁ አካባቢ ስም ነው። ነገር ግን ተማሪው ከመድረክ ንግግርና ከቴሌቪዥን የተቀበላቸው እንጂ ራሱ የመረመራቸው አይደሉም። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ማንነት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሚሸመደድ ውዳሴ መሆኑ ቀርቶ በግጥምና በወግ የሚመረመር ጥያቄ ሊሆን ይገባል፣ ለዚህም የሚበቃው መሣሪያ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ አለ የሚል ነው።

ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ ሲደርስ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች ነበሩ። «እኔ ማን ነኝ? ጎረቤቴስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ የመማሪያ መጽሐፍ ርእስ ብቻ ሊሆን አይችልም። ክፍሉ ዝም ካለ መልሱን የሚሰጣቸው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ እርሱም በአንድ መስመርና በቁጣ ይመልሳል።

ጥያቄው በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ ዋልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 «የሣር ቅጠሎች» የተባለውን መድበሉን አሳትሞ አገሩን በግጥም ለማቀፍ ሞከረ። ጥቁሩ ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1926 በወጣው የመጀመሪያ መድበሉ ውስጥ «እኔም» በሚለው ግጥሙ፣ በዚያ መዝሙር ውስጥ የእርሱም ድምፅ እንዳለበት አስታወቀ። መምህራን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስነብቡ ተማሪው አገር የተዘጋ መዝገብ ሳይሆን ያላለቀ ንግግር መሆኑን ይረዳል። ለእኛ የሚጠቅመን የግጥሞቹ ቅጂ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ አንድ ድምፅ ይነበባል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ተማሪውም ሦስተኛ ሆኖ ይጽፋል።

ይህ አሠራር ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞዐ አማካይነት የትምህርት ማእከል የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬም በሐይቁ ዳር አለ። በዋድላ በሚታወቀው የቅኔ ትምህርትም ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በመድገም አይመረቅም። የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ታርሞለት በጉባኤ ፊት ይዘርፋል። በሌላው ወገን የወሎ ሸኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ የመንዙማን ቅርስ አቆይተውልናል። ሁለቱም ትውፊቶች ቃልን ከድምፅ፣ እምነትን ከውበት ያጋቡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በአብዛኛው ከዘመናዊው ክፍል ደጃፍ ውጭ ቆመዋል።

እነዚህን ጽሑፎች ማንበብ «መቻቻል» የሚለውን ቃል ራሱን ያከብደዋል። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ። ይህን ተቃውመው ከቆሙት አንዱ የአርጎባው ሸኽ ጦልሃ ጀዕፈር፣ በአማርኛ መንዙማቸውም የሚታወቁ ሰው ናቸው። ይህን ታሪክ ያወቀ ተማሪ፣ አብሮ መኖር ከሰማይ የወረደ ጠባይ ሳይሆን ሰዎች ከቁስል በኋላ በጋብቻ፣ በዕድርና በጉርብትና የሠሩት ሥራ መሆኑን ያያል። የተሠራ ነገር ሊፈርስ እንደሚችልም ያውቃል። ጥበቃ የሚጀምረው ከዚህ ዕውቀት ነው።

ቃልን በጥንቃቄ ማንበብ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ለማሳየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአንቀጽ 17 ሁለት መልክ ነበረው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይችላሉ፤ ኢጣልያ በራሷ ቅጂ ግን ይህን ግዴታ አድርጋ ወሰደችው። የአንድ ግሥ ልዩነት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ለተደረገው ጦርነት ምክንያት ሆነ። የአምባሰል ተማሪ ይህን አንቀጽ እንደ ታሪክ ብቻ ሳይሆን እንደ ንባብ ትምህርትም ሊማረው ይገባል።

በዚህ መሠረት ሦስት ተግባራት ያሉት አንድ የትምህርት ምዕራፍ ማዘጋጀት ይቻላል። በመጀመሪያ ተማሪው ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤቱ አንድ የቃል ግጥም ይሰበስባል፤ በአምባሰል ቅኝት የሚዜም እንጉርጉሮ፣ የሠርግ ዘፈን፣ ሙሾ ወይም መንዙማ ሊሆን ይችላል። ማን ለማን፣ በምን ጊዜ እንዳለውም ይጠይቃል። ቀጥሎ ለሰበሰበው ግጥም የራሱን መልስ በግጥም ይጽፋል። በመጨረሻም መስፍን ሀብተማርያም በአማርኛ ባስለመዱት የወግ መንገድ፣ ከራሱ ስም የሚነሣ ሁለት ገጽ ይጽፋል። በወሎ ስም መጥሪያ ላይ የተማሪው ስም ክርስቲያናዊ ሆኖ የአያቱ እስላማዊ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ብርቅ አይደለም። ከዚህ የበለጠ የድርሰት መነሻ የት ይገኛል?

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ እንጂ ድርሰት አይጠይቅም፤ በተጨናነቀ ክፍል የሁሉንም ጽሑፍ ማረምም ከባድ ነው። ሆኖም የቅኔ ቤቱ ልማድ እንደሚያሳየው የቀደመ ተማሪ የኋለኛውን ሊያስጠና ይችላል፤ ለሁሉም ጽሑፍ መምህሩ ብቻ መልስ ሰጪ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ተቃውሞ ቁስልን መቀስቀስ ነው። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ መምህሩ ብቻ ያንብበው፣ ጸሐፊው ካልፈቀደ በክፍል አይነበብ፣ የሚታረመውም ጽሑፉ እንጂ ሰውየው አይሁን። በዝምታ የተሸፈነ ቁስል ግን ዳነ ማለት አይደለም።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ለዓለም ተዋወቀ፤ በዘፈን ደግሞ በውበቱ ይወደሳል። ሁለቱንም ምስሎች በአብዛኛው የሣሉት ሌሎች ናቸው። ሦስተኛውን የአካባቢው ወጣት በራሱ እጅ ይጽፈው ዘንድ ትምህርት ቤቶች፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና የእኛው የትምህርት ክፍሎች በጋራ ቢጀምሩ፣ የሚጠይቀው ወጪ ወረቀትና ትዕግሥት ነው።