ተራው የማን ነው?

በአንድ የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሦስት ወጣቶች በኮሚሽን ይሸጣሉ፤ ገበያተኛውንም በተራ ይቀበላሉ። አንደኛው ግን ዙህርን በጀመዓ ለመስገድ አንዋር መስጊድ ደርሶ ሲመለስ ተራው ታልፎ ይጠብቀዋል። ሶላት እንጀራ የምታስቀንስ ስትሆን ዝም ማለት አልቻልንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲነሱ ከባለቤቶቻቸው አብራቸው የምትሄደውን በዕጣ ይለዩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ስለዚህ የጠዋቱ ተራ በዕጣ ይውጣ፣ ቀሪው በደብተር ይያዝ አልን። ለሶላት የወጣው ሲመለስ ቀጣዩ ገበያተኛ የእርሱ ነው። ስም ጠርቶ የመጣ ደንበኛ ከተራ አይቆጠርም፤ የሳበው የሻጩ መልካም ጠባይ ነውና። አንዱ ዋጋ ከተስማማ በኋላ ሌላው መሐል መግባቱማ በሐዲስ የተከለከለ ነው።

ያስቸገረን ጅምላ ገዢው ነበር። አንዱ ተራውን በሁለት ሜትር አቡጀዲ ሲጨርስ፣ ለቀጣዩ 10 ጣቃ የሚወስድ ነጋዴ ከክፍለ ሀገር ይመጣለታል። ይህን ዕጣም ደብተርም አያስተካክለው። ለጅምላና ለችርቻሮ የተለያየ ተራ እንዲያዝ ያሰቡት ባለ ሱቁ ናቸው፤ እኛ ደብተር ስናሰምር እርሳቸው 30 ዓመት ሸጠዋል።