ሶፍትዌሩ በነፃ፣ ትምህርቱ በነፃ፤ ጊዜው በማን ሂሳብ?

በአዲስ አበባ የማስታወቂያ ገበያ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ተፈላጊ ሸቀጥ ሆኗል። ገና መሠረቱ ያልወጣውን አፓርታማ ተሠርቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ መኪናው ከምድር ቤት ሲወጣ የሚያሳየው የሪል እስቴት ፊልምም ሆነ ከዱቄት ከረጢት ላይ ወርዶ የሚጨፍረው ገጸ ባሕርይ የሚወጣው ከአንድ ዓይነት ባለሙያ እጅ ነው። ይህ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ወጣት፣ ብዙ ጊዜም ገና ተማሪ ነው። ነጋዴው ግን ከተማሪ እየገዛ መሆኑን አያውቅም፤ ቢያውቅም ዋጋ ለማስቀነሻ ካልሆነ በቀር ለሌላ አይጠቀምበትም። በዚህም የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ሙያ ትልቁ መሰናክል መሣሪያው ነበር። እንደ ማያ ያሉት የስቱዲዮ ሶፍትዌሮች በዶላር የሚከራዩ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ የሶፍትዌር ኪራዩም በብር ሲመነዘር አብሮ ዘለለ። ክራክ የተደረገ ኮፒ በፍላሽ ተቀብሎ መጫን የተለመደ መፍትሔ መሆኑ አይካድም። ይሁንና በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ጥበቃ ያደርጋል፤ በተሰረቀ መሣሪያ የተሠራ ማስታወቂያ ለባንክ ወይም ለውጭ ደንበኛ ሲሸጥ ነገር ይዞ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ይህን መሰናክል ያነሳው ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌር ነው። ታሪኩ ለኢንቨስተር ጆሮ የሚመች ነው። ሶፍትዌሩን ሲሸጥ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ተዘጋ። ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል ተስፋ ሳይቆርጥ ከተጠቃሚዎች በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አሰባሰበና መብቱን ከባለገንዘቦቹ አስለቅቆ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለማንም ሰው በነፃ ለቀቀው። በዚህ በነፃ በሚገኝ መሣሪያ የተሠራው «ፍሎው» የተሰኘው የላትቪያ ፊልም፣ አንድም ቃል የማይነገርበት የድመት ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የኦስካርን የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ሽልማት ወሰደ። ወጪው 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር፤ በሆሊዉድ ሚዛን የኪስ ገንዘብ ነው። በነፃ ያልተገኘው ጊዜው ነው፤ ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ትምህርቱም እንዲሁ ረክሷል። በዩቲዩብ እጅግ የታወቀው የብሌንደር ጀማሪዎች ትምህርት አውስትራሊያዊው አንድሩ ፕራይስ የሚሰጠው የዶናት አሠራር ነው፤ በአዲስ አበባ አነጋገር ቦምቦሊኖ። ተማሪው ከክብ ቅርጽ ተነስቶ ሊጡን ያብጣል፣ ከላይ ክሬም ያፈስበታል፣ ስኳር ይነሰንሰዋል። በጥቂት ቀናት የሚበላ የሚመስል ቦምቦሊኖ ይዞ ለጓደኞቹ ያሳያል። ብዙዎች ሙያውን የያዙት የሚመስላቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ነገሩ እንዲንቀሳቀስ ሲፈለግ ነው። የእንቅስቃሴ ትምህርት በኳስ ይጀምራል፤ ኳሷ ወርዳ ትነጥራለች፣ ሌላ ነገር የለም። አንድ ሰከንድ 24 ሥዕል ይፈልጋል። ተማሪው ሁሉንም አይሥልም፤ ኳሷ ከላይ ያለችበትንና መሬት የነካችበትን ፍሬም ይመዘግባል፣ በመሐል ያለውን ኮምፒዩተሩ ይሞላዋል። «ኮምፒዩተሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?» የሚለው የነጋዴ ክርክር የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ብቻውን የሞላት ኳስ ትንሳፈፋለች እንጂ አትወድቅም። ስትወርድ መፍጠን፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ መዘግየት፣ መሬት ስትመታ ጥቂት መጨፍለቅ፣ በየንጥረቱም ከፍታዋ መቀነስ አለበት፤ ያውም የብረት ከሆነች አንድ ዓይነት፣ የጎማ ከሆነች ሌላ ዓይነት። ይህን የሚወስነው የተማሪው ዓይን ነው። ዓይኑ የሚሰላው ደግሞ አንዲቱን ኳስ ሠላሳ ጊዜ አበላሽቶ ሠላሳ አንደኛውን ሲሞክር ነው።

ከኳሷ ቀጥሎ ሰው መራመድ አለበት። ለገጸ ባሕርዩ አጥንት ይገባለታል፤ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲዛወር ዳሌው ይዘነብላል፣ ትከሻው በተቃራኒው ይዞራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለአኒሜሽን ተማሪ ቃል በቃል የቤት ሥራ ነው፤ እንቁላል በእግሩ ማስኬድ። ብዙው ተማሪ የሚሰላቸውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ደህና አረማመድ ሳምንታት በልቶ ሲያልቅ የሚያየው ሰው «እና ምኑ ነው?» ይላል። ጥሩ አረማመድ ዓይን አይስብም፤ የሚታየው መጥፎው ነው።

መጨረሻ ላይ ሬንደር አለ፤ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ከነብርሃኑና ከነጥላው አስልቶ የሚያወጣበት ሥራ። ሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ 720 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ድምሩ 36 ሰዓት ይሆናል። በሃያኛው ሰዓት መብራት ቢሄድስ? ሥራውን በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሲያወጣ የነበረው ተማሪ ባዶ እጁን ይቀራል። ፍሬሞቹን በተናጠል ሥዕል ሲያስቀምጥ የነበረው ግን 400ው በእጁ ስላለ መብራት ሲመጣ ከ401ኛው ይቀጥላል። ይህችን አንዲት ጉዳይ ያልተማረ ልጅ የነጋዴውን የበዓል ማስታወቂያ በበዓሉ ማግስት ሊያስረክብ ይችላል።

እንግዲህ ሶፍትዌሩ በነፃ፣ ትምህርቱም በነፃ ወይም በርካሽ ከተገኘ በገበያው የጠፋው ሸቀጥ የልምምድ ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ማን ይከፍለዋል? ዛሬ የሚከፍሉት የልጁ ወላጆች ናቸው፤ ምሳውንም፣ የኢንተርኔቱንም። ማሠልጠኛዎቹ አይከፍሉትም። እንዲያውም ሰባትና ስምንት የሶፍትዌር ስም በአንድ ሰርተፊኬት ላይ ደርድረው በሦስት ወር የሚያስመርቁ አሉ። በሦስት ወር ስምንት ሶፍትዌር የተማረ ልጅ የተማረው የአዝራሮቹን ቦታ ነው። ለዚህ ጥፋት ግማሹ ተጠያቂ ግን ገዢው ነው፤ ቀጣሪ ሰርተፊኬት እስከጠየቀ ድረስ ማሠልጠኛ ሰርተፊኬት ይሸጣል።

ነጋዴውስ? ለልብስ ሰፊው ቀብድ ይከፍላል፣ ለብረት በር ሠሪው ቀብድ ይከፍላል። የአኒሜሽን ተማሪውን ግን «ሠርተህ አምጣ፣ ከወደድኩት እንነጋገራለን» ይለዋል። ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ ይሄዳል፤ ምን ይበል? ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሲመለስ «ከረጢቱ ወደ ግራ ይዙር፣ ቀለሙም ቀይ ይሁን» ይባላል። ለጋሼ ትንሽ ማስተካከያ ነች። ለልጁ እንደገና 36 ሰዓት ነው።

መፍትሔው ቸርነት አይደለም፣ ውል ነው። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ የመጀመሪያው ታሪኩ በእርሳስ ሥዕል ተሥሎ ሲጸድቅ፣ ሁለተኛው ቀለምና ብርሃን ሳይገባበት እንቅስቃሴው ሲታይ፣ የቀረው በርክክብ። በሁለተኛው ደረጃ ከረጢቱን ማዞር የአንድ ሰዓት ሥራ ነውና ነጋዴው የልቡን የሚናገረው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ለውጥ ይከፈልበት። ሌላም አለ። አንድ ጊዜ አጥንት የገባለት ገጸ ባሕርይ ለዓመታት ማስታወቂያ የሚያገለግል ንብረት ነው። ብዙ ድርጅት ግን የሚረከበው ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ በመሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ገጸ ባሕርይ ከዜሮ ያሠራል። ውሉ ላይ «ዋናው ፋይል ይረከባል» የሚል መስመር ይጨመር፤ ልጁም ለዚያ ተገቢውን ዋጋ ይጠይቅ።

ደላሎችም ቢሆኑ ከዚህ ገበያ ውስጥ አሉበት። ሥራውን ከድርጅቱ በደህና ዋጋ ተቀብሎ ለተማሪ በቁራጭ ማሳለፍ የተለመደ ነው። ኮሚሽን መውሰዱ ነውር የለውም። ነገር ግን የቤት ደላላ ቤቱን ሳያይ አያሻሽጥም፤ የአኒሜሽን ደላላ የልጁን ኳስና አረማመድ ሳያይ ያሻሽጣል። የአሥር ሰከንድ የሥራ ናሙና አይቶ መለየት የሚችል ደላላ ኮሚሽኑ ይገባዋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ቪዲዮ የሚያወጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መጥተዋልና ከእንግዲህ ይህን ሁሉ መማር ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አልጠፉም። ለአንድ ጊዜ ታይቶ ለሚረሳ ነገር እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ከረጢቱን ብቻ አዙርልኝ፣ ሌላውን አትንካ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ግን ፍሬም በፍሬም የሚያርም ሰው መፈለጉ አይቀርም። ኳሷን ሠላሳ ጊዜ ያበላሸው ልጅ እነዚህ መሣሪያዎች ያወጡት ሥራ የት ላይ እንደሳተ በአንድ እይታ ያውቃል፤ ያልተለማመደው ደስ ብሎት ያስረክባል።

ለእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ የሚፈልግ ድርጅት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተማሪ ፍለጋ መውጣቱ የተለመደ ነው። ያኔ የሚያገኘው በጥድፊያ የተሠራ፣ የሚንሳፈፍ ገጸ ባሕርይ ነው። ግንቦት ላይ ቀብድ የከፈለ ግን ክረምቱን ሙሉ የሚለማመድ ልጅ አለው፤ ልምምዱም በእሱው ከረጢት ላይ ይሆናል።