የአስታማሚ ወገብ የ«ምቾት» ጉዳይ አይደለም

እናቴ ቀኝ ጎኗ በስትሮክ ከዛለ በኋላ ከሆስፒታል እንድትወጣ የተወሰነው አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። ዓርብ ቤት መግባት ነበረባት። በመካከሉ ባሉት ጥቂት ሰዓታት አንዲት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ደውላ የቤታችንን አድራሻ፣ የእናቴን ክብደትና የመድን ካርዷን ቁጥር ጠየቀችን። አልጋው በማግስቱ ደረሰ። ራስጌውና ግርጌው በሞተር ከፍና ዝቅ ይላል፤ የአልጋው ጠቅላላ ከፍታ የሚስተካከለው ግን ከግርጌው ሥር ባለች፣ ተንበርክከው በሚያዞሯት የብረት እጀታ ነው።

ማን እንደሚያስታምማት የጠየቀን አልነበረም። አስታማሚዋ ታላቅ እህቴ ነበረች። ቀን እናቴን ታነሣለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፤ ሌሊት ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች። በሥራ ቦታዋ ታማሚን ብቻዋን እንዳታነሣ የሚከለክል ደንብ፣ የሚያግዝ ባልደረባና የማንሻ መሣሪያ አለ። በቤቷ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። በቀን አሥር ጊዜ እየተንበረከኩ እጀታ ማዞር የማይዘለቅ ነገር ነውና አልጋው በዝቅታው ቀረ፤ እህቴም በላዩ እንዳጎነበሰች ቀረች። በአራተኛው ወር ጫማዋን ማሰር አቃታት። አንዲት ታማሚ ይዘን ገብተን ሁለት ታማሚ አፈራን።

የእኛን ቤት ታሪክ ያነሣሁት የብዙ ቤት ታሪክ ስለሆነ ነው። ክርክሬ አንድ ነው፦ ለቤት የሚመረጥ የሆስፒታል አልጋ የሚተኛበትንም ሰው፣ በላዩ የሚያጎነብሰውንም ሰው ለክቶ መመረጥ አለበት። የአሜሪካ የመድን ደንብ ሁለተኛውን ሰው አያየውም። እኛም፣ መተዛዘን ባህላችን ነው የምንለው፣ አናየውም።

ደንቡ ምን ይላል?

ሜዲኬር በፓርት ቢ በኩል የሆስፒታል አልጋን ለረጅም ጊዜ እንደሚያገለግል የሕክምና መሣሪያ ቆጥሮ ይሸፍናል። ሐኪም ማዘዝ አለበት፤ ታማሚው የዓመቱን መነሻ ክፍያ ካሟላ በኋላ ከጸደቀው ዋጋ 20 በመቶውን ይከፍላል፤ አልጋው በኪራይ ይመጣና ከ13 ተከታታይ ወራት በኋላ የታማሚው ንብረት ይሆናል። በተራ አልጋ ሊገኝ የማይችል አተኛኘት የሚያስፈልገው፣ ወይም በልብ ድካም አለዚያም ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ሊልለት የሚገባ ታማሚ ብቁ ነው። የአካሉን አቀማመጥ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ለሚያስፈልገው ደግሞ ራስጌና ግርጌው በሞተር የሚሠራ፣ «ግማሽ ኤሌክትሪክ» የሚባለው አልጋ ይፈቀድለታል። ከፍታውም በሞተር የሚስተካከለው «ሙሉ ኤሌክትሪክ» አልጋ ሲጠየቅ ግን መልሱ እምቢታ ነው። ምክንያቱም በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ከፍታን በሞተር ማስተካከል «ምቾት» ነው።

ለማን ምቾት? ደንቡ የአልጋው ከፍታ መስተካከል ሊኖርበት እንደሚችል ይቀበላል፤ ታማሚው ወደ ወንበር ለመሸጋገር ወይም ለመቆም ካስፈለገው ከፍታው በእጅ የሚስተካከል አልጋ ይፈቅዳልና። የማይቀበለው ሞተሩን ነው። እጀታውን የሚያዞር ሰው በቤት ውስጥ እንዳለ ይተማመናል፤ ያን ሰው ግን ከሒሳቡ አያስገባውም።

ይህ ሰው በሥራ ዓለም ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ በሌላ መንገድ ይሠራ ነበር። በአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የነበረው ቶማስ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታማሚን በእጅ ለማንሣት የሚመከረው ከፍተኛ ክብደት፣ ሁኔታው ሁሉ አመቺ ሆኖ እንኳ፣ 35 ፓውንድ ወይም 16 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሆነ አስረድቷል። ያጎነበሰ፣ የተጠማዘዘ ወይም እጁን አርቆ የዘረጋ ሰው ደግሞ ከዚያም በታች ነው ሊያነሣ የሚገባው። እናቴ 68 ኪሎ ትመዝናለች። እህቴ በሌሊት ሥራዋ የሚጠብቃት ዕውቀት በቀን ሥራዋ አይጠብቃትም፤ በቀን የምትሠራው «ሥራ» አይባልምና።

«ምቾት» የሚለው ቃል ስለ ታማሚውም ቢሆን ስሕተት ነው። አንድ የአልጋ ቁራኛ ወይም በከፊል የሚንቀሳቀስ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ከፍታዎች ያስፈልጉታል። ሲተኛ አልጋው ወለሉን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ ማለት አለበት፤ ቢወድቅ እንኳ አወዳደቁ የከፋ እንዳይሆን። ሊቆም ሲል እግሩ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ረግጦ፣ ጉልበቱ በቀጥተኛ ማዕዘን ታጥፎ የሚቀመጥበት ከፍታ ይፈለጋል። ሲታጠብና ሲገላበጥ ደግሞ አልጋው እስከ አስታማሚው ወገብ ከፍ ማለት አለበት። በእጀታ ሦስቱንም ማግኘት ይቻላል፤ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ የሚያደርገው ግን የለም። ስለዚህ አልጋው በአንዱ ከፍታ ይረጋል፤ የቀሩትን ሁለቱን የሰው አካል ይከፍላቸዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማወቅ ጀርመንን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሚሠራበት የእንክብካቤ መድን ሕግ፣ በአንቀጽ 40፣ መሣሪያ የሚሰጥባቸው ዓላማዎች ሦስት ናቸው፦ እንክብካቤውን ማቅለል፣ የታማሚውን ሥቃይ ማስታገሥ፣ ራሱን ችሎ እንዲኖር ማገዝ። «እንክብካቤውን ማቅለል» ከሦስቱ ቀድሞ እንደተጻፈ ልብ ይሏል። የእንክብካቤ አልጋም ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ በውሰት ይሰጣል፤ ታማሚው ድርሻ መክፈል ካለበት ከዋጋው 10 በመቶ፣ ቢበዛ ከ25 ዩሮ አይበልጥም። የጀርመን ሕግ አውጪ ከእኛ ይልቅ ርኅሩኅ ስለሆነ አይመስለኝም። አስታማሚው ከወደቀ ሁለቱንም መንግሥት እንደሚሸከማቸው አስልቶ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በአሜሪካ በሕክምና መሣሪያ አቅርቦት ዘርፍ ብዙ ማጭበርበር ታይቷል፤ በሩን ከፈት ማድረግ ለነጋዴ ሲሳይ ይሆናል የሚል አለ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን መስፈርት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ይገላበጣል? ማን ያነሣዋል? ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ጋር? እነዚህ ጥያቄዎች በሐኪም ወይም በፊዚዮቴራፒስት ተጠይቀው ሊመዘገቡ የሚችሉ ናቸው። ከዚህም በላይ ቁጠባው ራሱ የይስሙላ ነው። ሜዲኬር የረጅም ጊዜ የአረጋውያን መንከባከቢያ ወጪን አይሸፍንም፤ ቤተሰብ አቅቶት ታማሚው ወደዚያ ሲገባና ጥሪቱ ሲያልቅ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው። ሞተሩን ከልክሎ የሚቆጥበው አንዱ ካዝና፣ የአስታማሚዋን ወገብ መሰበር የሚከፍለው ሌላው ካዝና ነው። ይህን የመሰለ ሒሳብ በማናችንም መሥሪያ ቤት ቢቀርብ ይመለስ ነበር።

የራሳችንስ ድርሻ?

ጣትን ወደ ዋሽንግተን መቀሰር ቀላል ነው። ደንቡ ግን ተጨማሪውን ዋጋ ራሱ ለመክፈል በጽሑፍ የተስማማ ታማሚ ልዩነቱን ከፍሎ የተሻለውን አልጋ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ይህን እኛ ቤት ማንም አልጠየቀም፤ ልዩነቱን መክፈል የምንችል አራት ልጆች ሆነን ሳለ። ለእናታችን መኝታ ጋቢና ብርድ ልብስ ስንገዛ ዋጋ አልተከራከርንም። የእህታችንን ወገብ ግን ነጻ ሀብት አድርገን ቆጠርነው። ምቾት ያለው ደንብ ጸሐፊውና እኛ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ የሴት ልጅ ጉልበት ዋጋ የለውም በሚለው። በአሜሪካ መንከባከቢያዎች፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤቶች የሰው እናትና አባት የሚያነሡት እህቶቻችን እንደሆኑ እያወቅን፣ ከሁሉም ይልቅ እኛ ልናውቀው ይገባን ነበር።

ሁለተኛው ስሕተታችን በጎን መከላከያው ላይ ያለን እምነት ነው። አልጋው እንደመጣ ሁሉም ዘመድ «ብረቱን አንሡት፣ እንዳትወድቅ» ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከጥር 1985 እስከ ጥር 2009 ባሉት ዓመታት ታማሚዎች በአልጋ መከላከያ ስለተያዙባቸውና ስለታነቁባቸው 803 አደጋዎች ሪፖርት ደርሶታል፤ 480ዎቹ በሞት የተጠናቀቁ ናቸው። አብዛኞቹ ተጎጂዎች አቅመ ደካሞች፣ አረጋውያን ወይም ግራ የተጋቡ ሰዎች ነበሩ። ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ በመከላከያው ብረቶች መካከልም ሆነ በመከላከያውና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሳንቲ ሜትር በታች እንዲሆን መክሯል። አልጋው ከአንድ ቦታ፣ ፍራሹ ከሌላ፣ መከላከያው ከሦስተኛ ሲሰባሰብ ይህ ልክ ማንም ሳያውቀው ይፈርሳል። ግራ የሚጋባ ሰው ደግሞ በመከላከያው ላይ ለመሻገር ሲሞክር ከነጭራሹ ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የተሻለው ጥበቃ ሌሊት አልጋውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ከጎኑ ወለሉ ላይ ለስላሳ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ይህም መልሶ ወደ ተከለከለው ሞተር ያደርሰናል።

ሦስተኛው ስሕተት ቅደም ተከተሉ ነው። አልጋውን መርጠን ስናበቃ ስለ ፍራሹ እናስባለን፤ ክፍሉን የምናስታውሰው ደግሞ አልጋው በር ላይ ሲቆም ነው። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያ ክፍሉ ይለካ፦ የተለመደው ፍራሽ 36 በ80 ኢንች ስለሆነ፣ በሁለቱም ጎን ሰው የሚቆምበት፣ ቢያንስ በአንዱ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አልጋ አስታማሚውን በአንድ ጎን ብቻ እንዲስብ ያስገድደዋል። ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ይያዙ፦ ታማሚው ተቀምጦ እግሩ የሚረግጥበት ከፍታ፣ እና የዋናው አስታማሚ ወገብ ከወለሉ ያለው ከፍታ። አልጋው ከነፍራሹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መመላለስ ካልቻለ ሌላው ጌጡ ሁሉ አይረባም። ከዚያ ፍራሹ፦ ራሱን ማገላበጥ ለማይችል ሰው የመኝታ ቁስል ከስትሮኩ የማይተናነስ ጠላት ነው፤ ተራ ስፖንጅ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ነርሷን መጠየቅ የግድ ይላል። አጠቃቀሙም ይታወቅ፦ ራስጌው ከመነሣቱ በፊት ጉልበት በኩል ያለው ክፍል ትንሽ ከፍ ካላለ ታማሚው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳውም ይፈገፈጋል፤ አስታማሚውም ደግሞ ደጋግሞ ወደ ላይ ይስበዋል።

ደንቡ ከነጭራሹ የማይደርሳቸው ወላጆችም አሉ። አመልክተን ያመጣናቸው እናትና አባት፣ እዚህ በቂ የሥራ ዘመን የሌላቸው ከሆኑ፣ 65 ዓመት ቢሞላቸውም በግሪን ካርድ አምስት ተከታታይ ዓመት ሳይኖሩ ሜዲኬርን በክፍያ እንኳ መግዛት አይችሉም። ስለ «ምቾት» የሚከራከሩበት በር ራሱ ተዘግቶባቸዋል። አገር ቤት ላሉት ደግሞ አልጋ ከአሜሪካ ገዝቶ መላክ ልማድ እየሆነ ነው። የአሜሪካ አልጋ ሞተር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ነው። የኃይል መቀነሻ ሳይኖረው የተሰካ አልጋ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። መብራት በሄደ ጊዜ የሚሠራ የእጅ ማንሻ ወይም ባትሪ የሌለው አልጋ ደግሞ ራስጌው እንደተነሣ ያድራል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር እናት አልጋው ተፈታቶ የሚወጣ መሆኑም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ድንኳን ያለው እድር አልጋ ይኑረው

ምን ይደረግ? ደንቡ እንዲለወጥ መጠየቅ አንዱ ነው። በመካከላችን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጤና ፖሊሲ ባለሙያዎች አሉ፤ «እንክብካቤውን ማቅለል» የሚለው ዓላማ በአሜሪካ የሽፋን መስፈርት ውስጥ እንዲገባ ለምክር ቤት አባሎቻችንና ለሜዲኬር አስተዳደር በጽሑፍ ማቅረብ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ይህ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ዓመታት የሉትም።

ስለዚህ ወደ እጃችን ወዳለው ተቋም እንመለስ። የአገር ቤት እድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ በየአንዳንዱ ቤት ሊኖር የማይችለውን በጋራ ገዝቶ በተራ ያውሳል። በስደት ያቋቋምናቸው እድሮች ደግሞ ለአስከሬን መሸኛና ለቀብር ያዋጣሉ። ሙት ሲሞት ቶሎ እንደርሳለን። ያው ገንዘብ ጥቂቱ ቀደም ብሎ ቢወጣ ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ኤሌክትሪክ አልጋዎች ከነተስማሚ መከላከያቸው ይገዛ ነበር፤ ለየታማሚው አዲስ ፍራሽ ብቻ እየተጨመረ፣ በአባልነት ያለች አንዲት ነርስ ክፍሉንና አስታማሚውን ለክታ እየፈረመች፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር። ያገለገለ አልጋ ለጋሽም አይጠፋም፤ ታማሚው ካረፈ በኋላ አልጋው በየጋራዡ ቆሞ የቀረ ስንት ቤተሰብ እናውቃለን።

እኛ ልዩነቱን ከፍለን አልጋውን የለወጥነው በስድስተኛው ወር ነው። እናቴ አሁን ሌሊት ዝቅ ብላ ትተኛለች፤ ጠዋት ከፍ ብላ ትታጠባለች። እህቴ ግን የሌሊት ሥራዋን ትታለች፤ ወገቧ እንደ ድሮው አልሆነም። የዘገየነው ስድስት ወር በማንም መድን አይካካስም። በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሲጠየቅ እጃችሁን አንሡና ስለ አንድ አልጋ ተናገሩ።