ዛፍ ይሞታል ወይስ ይደርቃል?

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው የአሸተን ማርያም ደጋ የሚያድግ ሕፃን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በግ ጠብቋል፤ ገብስ ሲያሸት አይቷል፤ ጭላዳን ከአዝመራ አባሯል። ይህ ልጅ «ዛፍ ሕይወት አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለውም» ቢል፣ ብዙዎቻችን መምህራን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገን እናልፋለን። እኛ ግን ከመልሱ በፊት ጥያቄው የቀረበበት ቋንቋ ሊመረመር ይገባል እንላለን።

እስቲ አማርኛችንን እናስተውል። በግ ይሞታል፤ ዛፍ ግን ይደርቃል። ምንጭም ይደርቃል፤ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላም ይደርቃል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚበቅለው ጅብራ ለብዙ ዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ዕድሜው ያበቃል፤ ስለ እርሱም የምንለው «ደረቀ» ነው። በአንጻሩ ጉንዳንንና ዝንብን «ነፍሳት» ብለን ነፍስን ከስማቸው ጋር ሰጥተናቸዋል። ሰውን «እንስሳ» ማለትማ ስድብ ነው፤ የባዮሎጂ መጽሐፍ ግን ያለ አንዳች ይቅርታ ከእንስሳት ይመድበዋል! (ሥር የሰደደ ችግኝ «ጸደቀ» መባሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ የእንስሳ መጠሪያ «ባለ ሕይወት» እንደ ማለት ሲሆን የተክል መጠሪያ ግን ከማደግ ጋር የተዛመደ ነው። ስታቪና ዋክስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ የእስራኤል ልጆች ተክልን ሕይወት ካላቸው ነገሮች እንደማይቆጥሩ አመልክተዋል።

አስተዳደግም የራሱ ድርሻ አለው። ሱዛን ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ትንንሽ አሜሪካውያን ልጆች ስለ እንስሳት የሚያስቡት ሰውን መነሻ አድርገው እንደሆነ ጽፋ ነበር። በኋላ ግን ከጫካና ከወንዝ ጋር በሚኖሩት የሜኖሚኒ ነባር አሜሪካውያን ልጆች ዘንድ ይህ ዝንባሌ አልታየም። እንግዲህ የሕፃናት ሁሉ ጠባይ የመሰለው፣ በአመዛኙ እንስሳ በቅርብ የማያውቅ የከተማ ልጅ ጠባይ ነበር ማለት ነው።

በፊዚክስ አንድን ልኬት ከማመናችን በፊት መለኪያውን እንፈትሻለን። በእናት ቋንቋ ማስተማርም የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ቃል በቃል መመለስ ሊሆን አይገባውም። በክረምት ዕረፍት ወደ ላስታ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ ሃያ የነገር ስሞችና አንድ ደብተር ይበቃችኋል፤ ስለ እያንዳንዱ «ሕይወት አለው? ነፍስ አለው? ይራባል? ይሞታል?» እያላችሁ ለየብቻ ጠይቁ። ልጁ «ዛፍ ነፍስ የለውም፤ ግን ይጠማዋል» ካላችሁ ሁለቱንም መዝግቡ።