«ተነሺ» የሚባለው ማን ነው?

በመሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ ውስጥ አንዲት ቃል አለች፤ «የልማት ተነሺ» ትባላለች። ስትሰማት ሰውየው ብድግ ብሎ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ወዶና ፈቅዶ የሄደ ይመስልሃል። ያስነሣው ግን ከቃሉ ውስጥ የለም። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና እንጠይቃለን፤ አስነሺው ወዴት ተሰወረ?

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ሞዛምቢክን እንይ። በቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ሞአቲዜ ላይ ቫሌ የተባለው የብራዚል ኩባንያ የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ብሎ በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. 1,365 አባወራዎችን ከቀያቸው አነሣ። «የገጠር» የተባሉት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኝ ካቴሜ ወደተባለች አዲስ መንደር ተወሰዱ። ቤት ተሠራላቸው፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያም ተሠራላቸው። ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ምን ይጎድላል? ኑሮ ይጎድላላ! እርሻው ድንጋያማና ደረቅ፣ ውኃው የማያስተማምን፣ ማገዶና ከሰል ይሸጡበት የነበረው ገበያም በእግር የማይደረስ ሆነ። ቤቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ይሰነጠቁና ያፈሱ ጀመር። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ ከሰሉ የሚጋዝበትን የባቡር ሐዲድ ዘጉ፤ ፖሊስ በኃይል በተናቸው። መንግሥት ስለ መልሶ ማስፈር ደንብ ያወጣው ከዚህ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው። ከሰሉ ቀደመ፤ ደንቡ ተከተለ።

ይህ እኛን አይነካንም የሚል ካለ ተሳስቷል። እዚያ መሬት የመንግሥት ነው፤ እኛም ዘንድ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ገበሬው መሬቱን አይሸጥም። ስለዚህ ሲነሣ የሚሰጠው ዋጋ ሳይሆን ካሣ ነው፤ ካሣውንም የሚተምነው ሌላ ነው። በምዕራብ ወለጋ ያለው የቱሉ ካፒ ወርቅ ደግሞ ነዋሪ ሳያስነሣ አይወጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ስለ ተመጣጣኝ ካሣ ይናገራል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች መልሰው እንዲቋቋሙ በርእሱ ላይ ሳይቀር ጽፏል። ወረቀቱ መልካም ነው። ገበሬው ግን ወረቀት አያርስም።

«አገር የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል» ይሉናል። ያስፈልጋታል፤ ማን ካደ? ግን ወርቅ አይበሰብስም። ከጥንት ጀምሮ የተኛ ወርቅ ሁለት ክረምት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? የማይጠብቀው የልጆች ሆድ ነው። «ገንዘቡን ቆጥረን ሰጥተናል» ይሉናል ደግሞ። ካሣ በአንድ ቀን ተቆጥሮ ያልቃል፤ እርሻ ግን በየዓመቱ ይወልዳል።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ምርት፣ ከዚያ ቁፋሮ። ሰዎቹ አዲሱን መሬት በዓይናቸው አይተው ራሳቸው ይምረጡ፤ ዘርተው አንድ መኸር ይሰብስቡበት። ጎተራው ሲሞላ ያን ጊዜ ዶዘሩ ይግባ፤ ካልሞላ አይግባ። ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ዕድርተኛም ከዕድሩ አይነጠል። መቃብርና ቤተ እምነት ያለ ባለቤቶቹ ቃል አይነካ።

በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። አራሹ በኋላ መሬቱን አገኘ፤ ከመሬቱ ሥር ወርቅ ሲገኝ ግን «ተነሺ» ተባለ። ጓደኞቻችን፣ ነገ ከመካከላችን የካሣ ቅጽ የሚሞላ፣ የጥናት ሪፖርት የሚጽፍ ይኖራል። «ተነሺ» ብሎ ሲጽፍ፣ አጠገቡ አስነሺውንም በስሙ ይጻፍ። ከዚያም በዓመቱ ተመልሶ ይሂድና፣ ተነሺው ምን እየበላ እንደሆነ ጎተራውን ከፍቶ ይይ።