የተላከው ሰነድ ወዴት ገባ?

ከሸርቆሌ ወደ አዲስ አበባ የንግድ ሰነድ በኢንተርኔት የሚልክ ነጋዴ፥ ሰነዱ ሳይደርስ ሲቀር መስመሩን ያማል። መስመሩ ከነቀፋ ነጻ ነው ባይባልም፥ ጥፋቱ በተቀባዩ ሰርቨር ዘንድ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ፒኤችፒ በተባለው ቋንቋ የተሠራ ድረ ገጽ፥ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር፥ ከ2 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ በስልክ የተነሣ የአንድ ደረሰኝ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። የሚላከው ሁሉ ተደምሮ ከ8 ሜጋባይት ያለፈ እንደሆነ ግን የባሰ ነው፤ ፋይሉም የተሞላውም ቅጽ ለፕሮግራሙ ባዶ ሆነው ይታዩታል። ነጋዴውም ደክሞ ሳለ «ቅጹን አልሞሉም» ተብሎ ይወቀሳል! የድረ ገጹ ባለቤት ወሰኑን ከፍ ሊያደርግ፥ በቅጹም ላይ በግልጽ ሊጽፈው፥ ፋይሉ በደህና ሲቀመጥም የመቀበያ ቁጥር ሊሰጥ ይገባዋል። ነጋዴውም ያን ቁጥር ሳያይ ገጹን አይዝጋ።